ከዱባይ የመጣው ክላክስ

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ካዛንቺስ ላይ፣ ቴዎ ለትልቁ የጉዞ ሞተሩ ያገለገለ ክላክስ መግዛቱ በዚህ ይታወቅ።

ሚስቱ «የሞተ ሰው ዕቃ እቤቴ ከገባ እኔ እወጣለሁ» ብላ ስለዛተች፣ ሻጩን ኢዘዲንን አስምሎ ጠየቀው።

«ወላሂ ከዱባይ ነው! የአዲስ አበባን አቧራ አያውቅም፣ በቃ።»

«ኮንቴይነሩ ሲራገፍ አይቻለሁ» አለ አጠገቡ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ባለሱቅ ጎረቤቱ ገበያው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ኢዘዲን ክላክሱን ሞተሩ ላይ አሰረው፤ ልክክ አለ። ቴዎ ለሙከራ አንዴ ተጫነው።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የብረት በር መቀርቀሪያው ከውስጥ ተሳበና፣ ሞተር በሚያስገባ ልክ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ባለቤቱ አምና ከሞቱ ወዲህ ግቢው ሰው የለበትም።

ኢዘዲን መሬት መሬቱን ያያል። ገበያው ግን እንደ ልማዱ ከበርጩማው ብድግ አለና፣ «ዛሬ በጊዜ ገቡ፣ ጋሼ» አለ።