መቶ አርባ ስምንት

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ከውሃ ጠርሙስ አፍና ከጎማ ቱቦ በሠሩት ማዳመጫ የጓደኞቻቸውን የልብ ምት እየቆጠሩ፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ግራፍ ይጽፉ ነበር። መምህርቷ ሰዓት ትይዝላቸዋለች። የገዛ ልጇም ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነበረች።

«ቲቸር፣ የሷ መቶ አርባ ስምንት ነው» አለች የዴስክ ጓደኛዋ። «ደግሞ እንደ ፌንጣ ይዘላል።»

«ፌንጣ ውጣ ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ አውካካ፤ ልጇም ደረቷን በመዳፏ ይዛ አብራ ሳቀች።

«የኔ እናት፣ ቁጭ ያለ ሰው ልብ እንዲህ አይመታም። ተሳስተሽ ነው» አለቻት መምህርቷ ለቆጠረችው ልጅ።

«ሦስቴ ቆጠርኩ እኮ!»

ግራፉ መቶ ሃያ ላይ ያበቃል፤ የቆጠረችው ልጅ ቁጥሩን ከጫፉ በላይ በእርሳስ ጽፋዋለች። መምህርቷ ራሷ ልታዳምጥ ወደ ቱቦው እጇን ዘረጋች። ግን ስምንት ልጆች ተራ እየጠበቁ ነበር፤ ለልጇ አደላች እንዳይባል እጇን መለሰች። ላጲስ አንስታ ቁጥሩን አጠፋችና በቦታው ዘጠና ጻፈች።

«ቀጣይ!» አለች።

ልጇ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ ሜዳው ላይ እየሮጠች ወደቀች፤ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች።