የጊታር አራስ

ባሌ መርዕድ ቀበሌ ሄዶ ጊታሩን ልጄ ነው ብሎ አስመዘገበው።

ምን ያድርግ? ድሬዳዋ ላይ ከሙቀቱ የተነሳ ቀዝቃዛ አየር በራሽን ከሆነ ወዲህ ለአንድ ቤት የሚለቀቀው በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሌት ተቀን የሚለቀቀው አራስ ላለችበት ቤት ነው። በፖስታ የመጣልን ጊታር ደግሞ የደብረ ብርሃንን ብርድ የለመደ ነው፤ ከነሳጥኑ አንድ ቀን ሙሉ ቀዝቃዛ ክፍል ካልቆየ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

«እናቱን ማን ብለህ ሞላህ?» አልኩት።

«አንቺን ነዋ!»

በማግስቱ ጊታሩን ከሳጥኑ አውጥተን አልጋ ላይ እንዳጋደምነው፣ ጎረቤታችን እማማ ዘርትሁን ገንፎ ይዘው፣ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው ገቡ። ለካ ወሬው ከቀበሌ ወጥቷል። ዘልዬ ጊታሩ አጠገብ ተኛሁና ብርድ ልብሱን ሁለታችንም ላይ ሳብኩት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ወንድ ነው ሴት? እልልታው ሰባት ይሁን ሦስት?» አሉ ሴቶቹ።

በዚያ ቅዝቃዜ መርዕድን ላብ አጠመቀው። እማማ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ጊታሩን አዩት። አሁን ጉዳችን ፈላ ስል፣ ከጉያቸው ትንሽ የሹራብ ኮፍያ አወጡ። ይወለድልኛል ብለው ለጠበቁት የልጅ ልጅ የሠሩት ነበር። ሙቀቱ ጠንቶብን የሚወልድ ጠፍቶ፣ ሰፈራችን ሕፃን ካየ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ኮፍያውን ጊታሩ አናት ላይ አጠለቁለት።

«ሰባት ይሁን» አሉና ታቀፉት።

ከእልልታው በኋላ ሴቶቹ ተራ ያዙ። ገንፎው አለቀ፤ ጊታሩ ግን ከእቅፍ እቅፍ ይዞራል። መርዕድ ትዕግሥቱ አልቆ እጁን ወደ ክሮቹ ሲሰድ እማማ ዘርትሁን መዳፉን መቱት።

«ተው አንተ! ገና አሁን መተኛቱ ነው።»