የጎረቤት ቅጠል

ከአርክቴክቱ ኮሌታ ላይ ሚስቱ ያነሳችው ቅጠል ቀጭንና ረጅም ነበር። ቤታቸው መሃል በቅሎ የስቱዲዮውን ጣሪያ አልፎ የሚወጣው ዛፍ ግን ቅጠሉ ሰፊ ነበር። እንዲህ ያለ ቀጭን ቅጠል የሚገኘው ከአጥሩ ወዲያ፣ ባሏን በፈታችው ጎረቤታቸው ግቢ ብቻ ነው።

«የት ቆየህ?» አለችው።

«ጣሪያው የሚያፈስበትን ሳይ።» ዓይኗን ሳያይ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ስቱዲዮው ገባ። በዚህ ፀሐይ ምን የሚያፈስ ጣሪያ አለ? ቤቱን ለሽልማት ሊመዝኑ የሚመጡት ዳኞች እኮ ሊደርሱ ነው። ቅጠሉን ጨብጣ ትንሽ ቆይታ ተከተለችው።

ከዛፉ ሥር ቆማ ቀና ስትል መሰላሉ ጫፍ ላይ አየችው። ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም የሆነ ለምለም ቅርንጫፍ በሽቦ ከዛፉ ጋር እያሰረ ነበር። እጇን ግንዱ ላይ ብታሳርፍ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ቀለም ተላቆ መዳፏ ውስጥ ቀረ።

«ደርቋል እንዴ?»

«ወለሉን እስከ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ ካስሞላሁት ወዲህ...» ሽቦውን አጠበቀ። «አንዲት ዛፍ ሳልቆርጥ ቤቱን ሠራሁት እያልኩ ስንት መድረክ ላይ አውርቻለሁ መሰለሽ!»

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ቅርፊቱን ጥላ በእግሯ ምንጣፍ ሥር ገፋ አደረገችና መሰላሉን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች።

«በዚህ በኩል ሽቦው ይታያል፤ ሸፍነው» አለችው።

ሸፈነው። ሊወርድ እግሩን ሲያነሳ ግን መሰላሉን አለቀቀችም።

«ቅርንጫፉን ማን ቆርጦ ሰጠህ?»