ሾልኮ የሚሄድበት ደጅ

አዛውንቱ ዛሬም ከአጥር ሾልኮ የጠፋውን ውሻቸውን በጎረቤታቸው በልብስ ሰፊው ሱቅ ሲያገኙት፣ ቅናት አንጀታቸውን አቃጠለው። ውሻው ከስፌት መኪናው አጠገብ እንደ ተጋደመ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

«ከእጄ በልቶ ጭራውን ለአንተ ይቆላል፤ ምን አቅምሰኸው ነው?»

«ኧረ ምንም፣ አባባ» አለ ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ። «እትዬ የዛሬ ሁለት ወር ከማረፋቸው በፊት እንዳሳጥረው የሰጡኝን ቀሚስ ፈልጎ ነው። ነገሩን ለእርስዎ ማንሣቱ ከብዶኝ ሰቅዬው ቀረሁ። ጠረናቸው አልለቀቀውም መሰለኝ፣ በየቀኑ መጥቶ ሥሩ ይተኛል።»

አዛውንቱ አፍንጫውን በተንጠለጠለው ቀሚስ ጫፍ የቀበረውን ውሻ ተመለከቱ። ቅናታቸው ልብስ ሰፊውን ትቶ ወደ እንስሳው ዞረ፤ ሁለት ወር ሙሉ ብቻውን ከሚስታቸው ጋር ከርሟልና። በትራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ቀስ ብለው ተንበረከኩ።

«ጠጋ በል እንግዲህ» አሉት።