ምራቅ

እኅቱ ከምሥራቅ ጀርመን ያመጣችለትን ክኒን በመዳፏ ይዛ ብትጠብቅም እጁን አልዘረጋም። በጋቢው ጫፍ አገጩን ጠረገ፤ ወዲያው ረጠበ። በጆሮው የሚሰድበውን ድምፅ ክኒኑ አጥፍቶለታል፤ ምራቁን ግን ቀን ከሌት ያዝረበርበዋል።

«የንስሐ አባቴ አያቆርቡኝም። ‹ሥጋ ወደሙ ከአፍህ ቢወድቅስ?› አሉኝ። ለፍልሰታ መቁረብ እፈልጋለሁ።»

«ካቋረጥከው ድምፁ ይመለሳል፣ ወንድምዓለም። ያኔ እኮ ገደል አፋፍ ላይ ነው የደረስንብህ!»

«አውቃለሁ፣ እታለም።»

በርሊን ውስጥ ሕክምና ያስተማሯት ሐኪሞች ስለ ምራቁ ነግረዋታል፤ ስለ ቁርባን ግን ማንም አልነገራትም። የጉና ተራራ በደመና ተሸፍኗል። ወንድሟ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈና ክኒኑን መዳፏ ውስጥ ዘጋባት።

«ብቻ ልቁረብ» አላት። «ከዚያ ድምፁ ይምጣ።»