የቤላንቲ ዘር

ሮዛሊ ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ ታገላብጠዋለች፤ ከጀርባው ሌላ ቅድመ አያት የምታገኝ ይመስል።

«ጣልያን የሚባል የለም?»

«የለም፣ ወይዘሪት» ይላሉ ሚስተር ፒከርስጊል። የዘር ሐረጓን ከመዝገብ ቆፍረው እንዲያወጡላት የቀጠረቻቸው ጡረተኛ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ የከተማችንን፣ የእንግሊዟን ወደብ የሃልን፣ የቤተ ክርስቲያንና የፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጡ ከርመው፣ ዛሬ ወጥ ቤቴ ተቀምጠዋል። «ቅድመ አያትዎ አልበርት ቤል ነበሩ። ቤላንቲ የተባሉት በአርባ ዓመታቸው ነው።»

የወንድሜን ልጅ አገር የሚያውቃት ሮዛሊ ቤላንቲ ብሎ ነው። ጋዜጠኛ በጠየቃት ቁጥር «ቅድመ አያቴ ጣልያናዊ የኦፔራ ዘፋኝ ነበር፤ ዘር ከልጓም ይስባል» ትላለች። ስሙን ክንዷ ላይ ተነቅሳዋለች። ዓርብ የሚወጣው አልበሟም «ቤላንቲ» ነው፤ ሽፋኑ ላይ ቬኒስ ውስጥ ጀልባ ላይ ቆማ ትታያለች።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ሻዬ ላይ ወተት እጨምራለሁ።

«አክስቴ! ታውቂ ነበር እንዴ?»

«አይስክሬም ነው ነገሩ» እላለሁ። «አያቴ ዓሣ ሻጭ ነበር። ኋላ አይስክሬም ጀመረ። ያኔ አይስክሬም የሚያውቅ ጣልያን ነው ይባል ነበር፤ ቤል ከሚባል የሃል ሰው ማን ይገዛል? ጋሪው ላይ ቤላንቲ ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ሰልፍ ሆነ።»

«ኦፔራውስ?»

«እሱን አባትሽ ነው የጨመረው፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«እና አፍሽን ዘግተሽ ታዪኛለሽ?»

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ልጆቹ ‹ድምፅሽ የመርከብ ጡሩምባ ነው› ብለው ስቀውብሽ፣ እያለቀስሽ ከትምህርት ቤት መጣሽ። አባትሽ የኦፔራውን ወሬ ፈጠረልሽ። በማግስቱ መዝፈን ጀመርሽ። ታዲያ ምን ልበል?»

ፊቷን በእጆቿ ትሸፍናለች። ኩሉ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። «አለቀልኝ። መሳቂያ ሆንኩ።»

ሚስተር ፒከርስጊል ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «አንድ ወረቀት ቀርቷል። ቅድመ አያትዎ ተከሰው ነበር።»

«ደግሞ ሌባ ነበር በሉኝ!»

«የለም፣ የተከሰሱት በድምፃቸው ነው።» መነጽራቸውን አስተካክለው ያነባሉ። «‹ተከሳሹ እሑድ ጠዋት ዓሣ ለመሸጥ ሲጣራ፣ ቄሱ ስብከታቸውን ሦስት ጊዜ አቋርጠዋል። ከወንዙ ማዶ የመጡ ሁለት ምስክሮችም ሰምተነዋል ብለዋል። ዳኛው ነገሩን ለማጣራት አንድ ጊዜ እንዲጣራ አዘዙት። ሁለተኛ እንዳይደግመውም አዘዙት።›»

ሮዛሊ እጆቿን ከፊቷ ታነሳለች።

«ከወንዙ ማዶ? ያለ ማይክራፎን?»

«ያለ ምንም።»

«ምን ብሎ ነበር የሚጣራው?» ትለኛለች።

«‹ትኩስ ዓሣ፣ ከነነፍሱ!› ሲል ትዝ ይለኛል። ሲያረጅም አልተወውም።»

ብድግ ብላ የጓሮውን በር ትከፍታለች። በዚያ ረጅም ታኮ ጫማዋ ደረጃዬ ላይ ትቆማለች። ደረቷን ትነፋለች።

«ትኩስ ዓሣአአአ! ከነነፍሱ!»

መድረክ ላይ የምታወጣው ድምፅ አይደለም። ሲኒዎቼ ይንቀጠቀጣሉ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል። ሚስተር ፒከርስጊል ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ ይጥሉታል።

ጎረቤቴ ኤድና፣ ጸጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ፣ ሳህን ይዛ ከአጥሩ በላይ ብቅ ትላለች።

«ለኔ ሁለት! ጭንቅላቱን ቁረጪልኝ!»

ሮዛሊ፣ ጥቁር እንባዋ ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ፣ እንደገና ደረቷን ትነፋለች።