ስስ ቆዳ

ሸህ እንድሪስ ተማሪያቸውን ኢሳን የሰደቡት በሰማንያ አምስት፣ ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ካዛንቺስ፣ ግቢያቸው ውስጥ፣ አሥራ አንድ ልጅ ፊት።

መቅጠንን የሚናገሩ የዐረብኛ ቃላት እየጠየቁ ነበር። ለጨርቅ «ረቂቅ»፣ ለዱቄት «ደቂቅ»፣ ለከሳ ሰው «ነሒፍ»። ኢሳ ዱቄቱን «ነሒፍ» አለው።

«ዱቄት ሲርበው አይተሃል?» አሉ። ልጁ ሁሉ አውካካ። «ያንተ ጭንቅላት የበሬ ቆዳ ነው፤ ምንም አያስገባ። ቄራ ወርደህ ቆዳ ፋቅ!»

ወረደ። ይኸው ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ቆዳ እየፋቀ መጽሐፍ ይጠርዛል።

ካዛንቺስ ፈርሶ ዕቃ ሲጫን፣ የሸሁ መዝገበ ቃላት ሽፋኑ ተገነጠለ። ልጃቸው ሃያት የኢሳን ማንነት ሳታውቅ እንዲጠርዘው አመጣችለት። እሱም አልነገራትም። ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስድስት ቀን የፍየል ቆዳ ሲፍቅ፣ ሲያስረክብ የሚላትን ነገር ያላምጥ ነበር፦ «ይኸው፣ የበሬ ቆዳው ሠራልዎ።» ይቺን ሳይል ላይሞት ምሏል።

ኢሳ መጽሐፉን ይዞ ሲደርስ፣ ሸሁ አዲሱ ኪራይ ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል። ከመክሳታቸው የተነሣ ጋቢው ብቻውን የተቀመጠ ይመስላል።

«አባባ፣ መጽሐፍዎ መጣልዎ» አለች ሃያት፣ ጭናቸው ላይ እያኖረችው።

ጣታቸውን ሽፋኑ ላይ አሄዱት። ቆም አሉ። መልሰው ዳሰሱት።

«ረቂቅ... አይ። ለጢፍ... እሱም አይመጥነው። ሃያት፣ ቃል አጣሁለት እኮ!»

«በቃ ስስ ነው ይበሉ፣ ምን አስጨነቀዎ?»

«ዝም በይ አንቺ! የሚያውቅ እጅ ነው የነካው።» ፊታቸውን ወደ ኢሳ አዞሩ። «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ኢሳ አፉን ከፈተ። ነገሯ ምላሱ ጫፍ ላይ ናት። ዓይኑ ግን ሽፋኑ ላይ ያረፈው እጅ ላይ ወደቀ፤ ከቆዳው ስር ደም ሥሩ ሲሄድ ይታያል። ስድስት ቀን ፍቆ እንኳ የሱ ፍየል ያን ያህል አልሳሳም።

ዞሮ ቁልቁለቱን ያዘው።

ከኋላው ሽማግሌው አሁንም ቃል ይፈልጋሉ።

«ደቂቅ...» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣ «ነሒፍ...?»

ማንም አልሳቀም።